ዜና ሙኽታር ኳስ ወርዋሪ፣ ወምንጣፈ ወይዘሮ ወለተሥላሴ

በዘመነ ሊፍት ስቡር፣ ሁለቱም ሊፍቶች በቆሙ በአራተኛው ወር፣ የሕንፃችን ተቆጣጣሪ፣ በአገሩ አጠራር ሱፐር፣ አቶ ሀብተማርያም «ዕቃው ታዟል» እያሉ በሚገዙበት በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ የአሥራ ስድስተኛው ፎቅ ሕዝብ ልጁን አዝሎ፣ ፓስፖርቱን ጨብጦ፣ አንዳንዱም ሩዙን ከነድስቱ አቅፎ በደረጃ ወደ ሰፈራችን ወደ ሴንት ጄምስ ታውን በረዶ ሲወርድ፣ እሳት አልነበረም፤ ሙኽታር ነበር።

ሙኽታር ወልደ ኸይረዲን፣ ዘእግሩ ረዥም፣ ዘክንዱ ወንጭፍ፣ አድካሚ ጎረቤት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ተንደርድሮ የክሪኬት ኳስ ቢለቅ፣ ኳሱ የቆሻሻ መጣያውን የብረት በር መትቶ እንደ መድፍ ስለጮኸ፣ ሲሮጥ ያየው ሁሉ «ያለ ነገር አይሮጥም» ብሎ አብሮ ሮጠ። የእሳቱን ደወል ማን እንደሳበው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እኔም ይህን የምጽፍ ጎረቤቱ ስለዚያ ቀን ብዙ አልናገርም።

ወእምዝ ወደ ጥበቡ እንመለስ። ይህ ጎልማሳ ሬክስዴል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ጭነት ሲያወርድ ከሥራ ባልደረቦቹ ክሪኬትን ተማረ፤ ሮጦ መጥቶ ኳስ ወርውሮ ከመቺው ኋላ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች መስበር ነው ሥራው። ፍጥነቱም ስለተወራ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ አሰልጣኝ በመከር ጠራው። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ ሕግ የወርዋሪው ተረከዝ ከነጩ መስመር ኋላ ካልቀረ ኳሱ ይሰረዛል፤ ሙኽታርም ከስድስት ኳስ አራቱን መስመር አልፎ ወረወረ። አሰልጣኙም እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ፍጥነት አለህ፤ መስመር ግን አታውቅም። በግንቦት አንድ ጊዜ አይሃለሁ፤ ሌላ ዕድል የለህም!»

ይህ ሁሉ ሳይሆን እናቱ ወይዘሮ ዘይነብ ከድሬዳዋ እስከ ጅዳ ላለው ዘመድ ሁሉ ኮል አድርገው «ልጄ ፕሮፌሽናል ሆኗል» ብለው ጨርሰው ነበር። ስለዚህ በግንቦት ቢወድቅ ልጁ ወደ መጋዘኑ፣ እናቱ ወደ ስልኩ መመለሳቸው ነው፤ የእናቱም ሥራ ይከብዳል።

ክረምቱ ሜዳውን በበረዶ ስለያዘው ልምምዱ በኮሪደሩ ሆነ። አቶ ሀብተማርያም ግድግዳ ላይ አዋጅ ለጠፉ፦ «በኮሪደር ጠንካራ ኳስ መወርወር ክልክል ነው!» ስለ መሮጥና ስለ ቴኒስ ኳስ ምንም ስላላሉ ሙኽታር በቴኒስ ኳስ ሮጠ። ከሁሉም የጸናው ግን የወይዘሮ ወለተሥላሴ አዋጅ ነው። የእኚህ እመቤት ምንጣፍ ከበራቸው ተነሥቶ እስከ ኮሪደሩ ወርድ እኩሌታ የሚዘልቅ ነበርና፣ ልጁ ከኮሪደሩ ጫፍ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ተንደርድሮ ሲያርፍ በጫማው ቢያትምበት ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ፦ «የሰማህ ላልሰማ ንገር! ይህን ምንጣፍ የረገጠ አስቤዛዬን ከታች እስከዚህ በትከሻው ያወጣል!»

አዋጁም ጸና። በጥር ዘጠኝ ጊዜ ረገጠ፤ ድንቹ፣ ዘይቱ፣ የጤፉ ከረጢት በትከሻው ወጣ። በየካቲት አምስት ጊዜ፣ በመጋቢት ሁለት ጊዜ። ጭኑ እንደ ግንድ ደነደነ፣ እግሩም ከምንጣፉ ጠርዝ በፊት ማረፍን ተማረ። አስቤዛ ሲያልቅባቸው ምንጣፉን በእግራቸው አውራ ጣት ወደፊት ይገፉታል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ባይም አልጽፍም።

ግንቦት ሲገባ ሠራዊቱ በእኔ ቫን ዘመተ። ወይዘሮ ዘይነብ ሳምቡሳና ዱዓ ይዘው ከፊት፣ አቶ ሀብተማርያም የሁሉን በር ቁልፍ ይዘው ከመሐል፣ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ከኋላ። ሜዳው ዳር እንደደረስን እመቤቲቱ ምንጣፉን ከነጩ መስመር ትክክል ዘርግተው ተቀመጡ። ዳኛው ሊያስነሣቸው መጣና፣ ጸሎት ሊያደርሱ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

አሰልጣኙ ደብተሩን ገልጦ አወጀ፦ «ስድስት ኳስ! መስመሩን አንዴ ብታልፍ እታገሣለሁ፤ ሁለተኛ ግን ደብተሬን እዘጋለሁ!»

ሙኽታር መስመሩን ፈርቶ ስለተሽኮረመመ ፊተኛይቱንና ሁለተኛይቱን መቺው እስከ ዛፎቹ ሰደዳቸው። በሦስተኛይቱ ተናድዶ ቢሮጥ እግሩ አለፈና ዳኛው እጁን ዘርግቶ ኳሷን ሰረዛት። ደብተሩ እኩሌታው ተከደነ። ወይዘሮ ዘይነብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ ከምንጣፉ ላይ አንዲት ቃል ወጣች፦

«አስቤዛ!»

ሙኽታርም ዞረ፤ ምንጣፉን አየ፤ ሳቀ። ከምንጣፉ ትይዩ ተነሥቶ ወደኋላ በኮሪደሩ ልክ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ቆጠረ፤ በሜዳው ስፋት ተታልሎ ሃያ አራት ሲሮጥ ኖሯል! አራተኛይቱ የመቺውን ጆሮ ታክካ አለፈች፣ አምስተኛይቱ ጣቱን አስላሰችው፣ ስድስተኛይቱን ግን እኔ አላየኋትም፤ መሐለኛው እንጨት ተነቅሎ ሲገለባበጥ ብቻ አየሁ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ መሬቱን መረመረ፤ ተረከዙ ከመስመሩ ኋላ አውራ ጣት ታህል ቀርታለች።

የአንድ በጋ ውል በቫኔ ኮፈን ላይ ተፈረመ። ወይዘሮ ዘይነብ ወዲያው ስልክ አነሡ፤ አሁን የሚያወሩት እውነት ስለሆነ ግን ቶሎ ጨረሱ።

ሰላም ለተረከዝህ፣ ከመስመር ኋላ ለቀረችው! ሰላም ለጉልበትህ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ደረጃ ለማይበግረው! ሰላም ለትከሻህ፣ ጤፍ ለተሸከመው! ሙኽታር ሆይ፣ ሰባሬ ዕፅ፣ ኩራተ ፎቅ፣ የሊፍት መሰበር ያበረታህ፣ ስምህ በየደረጃው ይጠራ!

ወደ ሕንፃው ስንገባ ከቆሙት ሊፍቶች ፊት ሕዝቡ ተሰብስቦ እልል አለ። ጀግናውም ውሉን ከፍ አድርጎ አወጀ፦ «ስሙ! ሙኽታር ከዛሬ ጀምሮ ፕሮፌሽናል ነው!»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ምንጣፋቸውን በብብታቸው እንደያዙ የደረጃውን ብረት ጨብጠው፣ ጥጉ ላይ የቆመውን ጆንያ በአገጫቸው አመለከቱ።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። በሦስተኛዋ ኳስ ግን መስመር ረግጠሃል፤ ሽንኩርቱ ያውልህ።»