ወንዙ ሶዳችንን ይዞ የመጣ ዕለት

ትናንት ከምሳ በኋላ እዚያው ሥራ ቦታዬ ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ፤ ሕልም ከተባለ። የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሶዳ ማስመለሻ ክፍል ነው። የጥጥ ጨርቅ እንዲያብረቀርቅ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይነከራል። እኔ ደግሞ የታጠበበትን ውሃ አፍልቼ፣ ሶዳውን ለይቼ፣ መልሼ ለሥራ እልከዋለሁ። እኔ ካልመለስኩት ወደ ወንዙ ይሄዳል። ከፋብሪካው ትንሽ ዝቅ ብሎ ሚስቴ አንጓች በዚያው ወንዝ ሽንኩርት ታጠጣለች፤ ሁለቱ ልጆቻችንም ከሥሯ አይጠፉም።

በሕልሜ ሠራተኞቹ ጨርቆቹ ነበሩ። እኛ ሰዎቹ ማሽኑ ላይ ተወጥረናል። አንድ ጣቃ አቡጀዲ ነጭ ጋዋን ለብሶ መጣና ጉንጬን በጫፉ ቆንጥሮ አየው።

«ስንት ጊዜ ተወለድክ?» አለኝ።

«አንድ ጊዜ ነው፣ ጌታዬ።»

«አንዴ ተጠቅሞ መጣል ቀርቷል።»

ከጎኔ ጋሽ ደምስ ነበሩ። የማቅለሚያ ክፍል ሰው ናቸው፤ ዓምና በሳል ምክንያት ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸውን አንስተው ሶዳ የማፈላበት ጋን ውስጥ ጨመሯቸው። ከላይ እንፋሎት ወጣ፤ ከታች የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆነው ወጡ። ወዲያው ቱታ አለበሷቸው። ደስ ብሎኝ ላቅፋቸው ስል ያንኑ የድሮ ሳላቸውን ሳሉ።

«ሳሉ አይለይም፤ በተመለሱ ቁጥር ይብስባቸዋል» አለ አቡጀዲው።

በመስኮት ስመለከት ሥራ አስኪያጃችን ከነሙሉ ልብሳቸው የወንዙ ቦይ ውስጥ ተጋድመው ይፈስሳሉ። ላሞች በከረባታቸው በኩል ይጠጧቸዋል።

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ስብሰባ አለብኝ» ይሏቸዋል ላሞቹን።

ወንዙ ግን በዋናው በር ገባ። ጥበቃዎቹ ተነስተው ሰላምታ ሰጡት። በእጁ ቦርሳ ይዟል፤ ከኋላው በርሜሎች ተሰልፈው ይከተሉታል።

«የአራት ዓመት ሶዳችሁ ነው። ተቀበልና ፈርም» አለኝ።

«እኔ መቼ ላክሁ?»

«ክረምት ክረምት፣ ስደፈርስ አይታወቅም እያልክ የለቀቅከው ነዋ።»

«አለቃዬ አዝዞኝ ነው።»

«እጁ ያንተ ነው። እዚህ ቦታ ከሌላችሁ ቤትህ እናራግፈዋለን።»

«ቤቴ ልጆች አሉ» አልኩት።

«እኔም ነበሩኝ» አለኝ በትሕትና።

በርሜሎቹ በእግራቸው የቤቴን መንገድ ያዙ። ልከተላቸው ስል ማሽኑ ወጥሮ ያዘኝ። አንጓች በር ላይ ቆማ ወንበር ታቀርብላቸዋለች።

«ግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ትላቸዋለች።

አታስገቢያቸው ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት እንፋሎት ብቻ ወጣ።

ነቃሁ። የፈረቃ አለቃዬ ሳህሉ ትከሻዬን እየነቀነቀ ይስቃል።

«ተነስ አንተ ሰው። ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ሄዱ። የእጣቢውን ታንክ ባዶ ሲያዩት፣ ሶዳውን ጠብታ ሳታስቀሩ መልሳችሁ ተጠቅማችኋል ብለው አመሰገኑን።»

ታንኩ ስተኛ ሙሉ ነበር። ቧንቧው እንዲጠራ ብዬ ለአንድ ደቂቃ የከፈትኩት ወደ ወንዙ የሚለቀው ቫልቭ አሁንም ክፍት ነው። ዘግቼው ገና ቀና ሳልል ስልኬ ጠራ፤ አንጓች ናት።

«ስማኝማ፣ የዛሬው ውሃ ጉድ ነው» አለችኝ። «ለብ ያለ፣ ሙልጭልጭ የሚል። ሳሙና እንኳ አልፈለገም።»

ሶዳ ቆዳ ላይ መጀመሪያ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። መላጥ የሚጀምረው ቆይቶ ነው።

«ልጆቹ የት ናቸው?» አልኳት።

«እዚሁ ናቸው፣ እያጠብኳቸው ነው።»