አፍ ለማስፈታት ፈቃድ

እኔን ያየ ሰው ፈቃድ የምጠላ ይመስለዋል። ውሸት! ፈቃድ እወዳለሁ። ለሰርግ ድንኳን ቀበሌ ሄጄ አስፈቅጃለሁ፤ ክፍለ ሀገር ስወርድም የይለፍ ወረቀቴን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ኬላውን ሁሉ እየሳቅኩ አልፌአለሁ። ጥርስ የሚነቅል ሰው ወረቀት ይኑረው ብትሉኝ ከእናንተ ጋር ነኝ፤ አንዱ ያለ ወረቀት ነቅሎልኝ የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ይዞት ሄዷል። ወረቀት ጥሩ ነው። መከራው ወረቀቱን የሚሰጥ ሲጠፋ ነው። ይህን የተማርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ከመሠረተ ትምህርት ሌላ የተማርኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ወንድሜ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ እኔ ነጠላውን እሸጥለታለሁ። ልጁን ማርታን በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛትና ዳነች። ዳነች ስላችሁ፣ ጆሮዋ እዚያው ቀረ። ከዚያ በፊት እንደ እኔ ለፍላፊ ነበረች። አሁን ግን የምታውቀው ቃል አንድ በአንድ ይጠፋት ጀመር። መጀመሪያ የጠፋው ስሜ ነው። "ፋንታዬ" ትለኝ የነበረችው ቀሚሴን ትጎትተኝ ጀመር።

ከዊንጌት ጀርባ ዘነበች የምትባል ሴት ነበረች፤ ሚስዮኖች በከፈቱትና ኋላ በተዘጋው የመስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት በረዳትነት ብዙ ዓመት የሠራች። ማርታን ወሰድኩላት። የልጅቷን እጅ በራሷ ጉሮሮ ላይ አድርጋ "በ" ትላለች፤ ማርታ በጣቷ ትሰማለች። የተባዘተ ጥጥ ከአፏ ፊት ይዛ "ፈ" ስትል ጥጡ ብር ይላል። ማርታም ጥጡን ላብርር ብላ "ፈ" አለች። ጥጥ ደግሞ በእኛ ቤት! በሦስተኛው ወር ደጃፍ ላይ ቆማ "ፋን... ታ... ዬ" አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወሬው ተሰማ፣ ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን አመጡ። ጥጡን ነፋስ እንዳይወስደው በርና መስኮት ይዘጋል። በዚያ ዘመን በር ዘግቶ አንድ ላይ "ፉ፣ ፉ" ማለት ምን እንደሚመስል እናንተው ፍረዱ። ጎረቤት የጴንጤ ጸሎት ነው ብሎ ጠቆመ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ከነአብዮት ጠባቂው መጣ።

"ይህ የምን ስብሰባ ነው?"

"ስብሰባ አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፣ 'ፈ' ነው" አልኩት።

"'ፈ'ን ማን ፈቀደላችሁ?"

ፈቃድ እስኪመጣ ቤቱ ይዘጋ ተባለ። ዘነበችን ጎትቼ ወጣሁ። ጤና ቢሮ "ልጅቷ ታማለች?" አሉን። ድናለች አልናቸው። "እንግዲያው የትምህርት ጉዳይ ነው።" ትምህርት ቢሮ "ትሰማለች?" አሉን። አትሰማም አልናቸው። "እንግዲያው የጤና ጉዳይ ነው።" ስንመላለስ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ አዘኑልን።

"ልጄ፣ ለፈቃድ አስተማሪዋ መፈተን አለባት። ለመፈተን ደግሞ ሙያውን የሚያውቅ ፈታኝ ያስፈልጋል።"

"ማን ያውቀዋል?"

"እኔ የማውቀው ይቺን ሴትዮ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ራሷን በራሷ ትፈትና!"

ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ዘነበች አልሳቀችም። ብቻ ሰውዬው ለምነው ኮሚቴ ፊት አቀረቡን፤ ልጅቷን አምጡና ይታይ ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማርታን አሠለጠንኳት፤ እንዳታሳፍረን ብዬ። ኮሚቴው ፊት የሰብሳቢውን ከንፈር ትክ ብላ እያየች ስሟን ተናገረች፣ የአባቷን ሥራ ተናገረች፣ "ጤና ይስጥልኝ ጓድ" ሁሉ አለች። እኔ በኩራት ተነፋሁ።

"ትናገራለች" አለ ሰብሳቢው።

"አዎ!"

"የተጠየቀችውንም ትመልሳለች።"

"እንዴታ!"

"ታዲያ ምኗ ነው ደንቆሮ? ለማያስፈልግ ሥራ ፈቃድ የለም።"

አበድኩ። ከማርታ ኋላ ሄጄ እዚያ የነበረውን ጠረጴዛ በሁለት እጄ ደበደብኩት፤ ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። እነሱ ግን ያዩት ጠረጴዛውን ነው፤ የመንግሥት ንብረት ነው ተብዬ ተገሠጽኩ። ባላሠለጥናትና ዝም ብትል ኖሮስ? "መች አስተማረቻትና" ይሉ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ሳሰላስለው መውጫው አይታየኝም።

ዘነበች ፈራች። "ፋንታዬ፣ ከእንግዲህ ደጄ አትምጪ፤ ያስሩኛል" አለችኝ። ወር ሳይሞላ ወንድሟ ዘንድ ጅማ ሄደች። ጥጡን እኔ ያዝኩ። የእኔ "ፈ" እንኳን ጥጥ ጋቢ ያበርራል፤ ግን ማብረር ሌላ፣ ማስተማር ሌላ ሆነብኝ። ከስሜ "ታ" ሄደ። "ዬ" ተከተለ። በመጨረሻ "ፋ" ብቻ ቀረልኝ፤ እሱም ክረምቱን አልተሻገረም።

ማርታ እንደማንኛውም ልጅ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ገባች። ዓመቱ ሲዘጋ ወላጆች ተጠራን፤ ሰልፉ ፊት ስሟ ተጠራ፣ አንዷ ልጅ በክንዷ ይዛ አወጣቻት። "ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ያልረበሸች፣ የክፍሉ ጸጥተኛ ተማሪ" ብለው ደብተር ሸለሟት። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። እኔ ምን ላድርግ? እልልታዬን አቀለጥኩት። ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ደብተሯን ከምታገላብጠው ከማርታ በቀር።