ደንዲን በእሺታ ስንዞር

እኛ አገር ሰው «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለትን በስንት ዓመቱ ይማራል? እኔ ሠላሳዎቹን አጋምሼም አልተማርኩት። ጠግቤ እያለሁ «በሞቴ» ሲሉኝ በልቻለሁ። የማላውቀውን ሟች፣ ጎረቤቴ «አብረን እንድረስ» ስላለኝ ብቻ ቀብሬ መጥቻለሁ። ይሉኝታ ይሉታል። ከባድ በሽታ ነው፤ ክፋቱ ደግሞ የያዘውን ሰው «ጨዋ ነው» እያሉ ያመሰግኑታል እንጂ ወደ ሐኪም አይወስዱትም። እኔን ይኸው ጨዋነቴ አንድ እሑድ ገደል አፋፍ ላይ አቆመኝ። ስለ ምሳሌ ገደል አይደለም የማወራው፤ ሥሩ ሐይቅ ስላለው ገደል ነው።

ጊንጪ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ትውልዴ ግን መቂ ነው። መቂን ያየ ያውቃል፤ ሜዳ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ከፍ ያለ ነገር የሚያየው የጭድ ክምር ሲከመር ነው። ከዚያ ይሁን ከሌላ እንጃ፣ ከፍታ እፈራለሁ። እፈራለሁ ስል እንደ ሰው አይደለም። ፎቅ ላይ ጉዳይ ካለኝ ጓደኛ እልካለሁ። አምፖል ሲቃጠልብኝ ወንበር ላይ ከመውጣት በጨለማ ማምሸት ይሻለኛል። ይህን ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ እጮኛዬ ሌንሴ እንኳ። እንዲህ ያለውን ጉድ ወንድ ልጅ ለሚያገባት ይነግራታል እንዴ?

ሌንሴ አዋላጅ ነርስ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጓት የእናቷ ወንድም፣ እህል ነጋዴው ኦቦ ደበላ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌ የላክሁት እሳቸው ዘንድ ነው። የሽማግሌዎቼ አለቃ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ተናግረው የማሳመን ስጦታ አላቸው ይባላል። ኦቦ ደበላ በትሕትና ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «እንመካከርና ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ» አሏቸው። ደንቡ ነው። ልጅ በመጀመሪያ ጥያቄ አትሰጥም፤ ብትሰጥ ሰው ምን ይላል?

መልስ በምጠብቅበት ሰሞን ኦቦ ደበላ ራሳቸው አስጠሩኝ። ደንዲ ሐይቅ አፋፍ ላይ የሚኖር የድሮ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ እንደሚወጡና አብሬያቸው ብሄድ ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። ሊመዝኑኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሌንሴን የማገኘውም የማጣውም በዚህ እሑድ ነው አልኩ፤ እሺ አልኩ።

ወዳጃቸው ቤት ትኩስ ድንችና እርጎ ቀረበልን። ደጁ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ሐይቁ ከሥር ተኝቷል፤ ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነው የሚመስለው። ዓይኔን ወዲያው አነሳሁ። ባለቤቱ ይህን ጊዜ፣ ለእንግዳ መሄጃ ሐይቁን ዞሮ የሚመለስ መንገድ እንደተጠረገ አወራ። ኦቦ ደበላ ወደ እኔ ዞረው፣ መምህር መቼም እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ አሉኝ። በጣም እንጂ፣ እርስዎን ካላደከመዎት አልኩ። እኔን ምን ያደክመኛል አሉ። ባለቤቱም ዱላ አቀበለን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሰፊ ነበር። ከዚያ ፈረስ የሚያሳልፍ ሆነ። ከዚያ ፍየል የሚያሳልፍ ሆነ። በስተቀኝ ድንጋይ፣ በስተግራ ምንም። «ምንም» ስል ጭራሽ ምንም፤ ከዚያ ሩቅ ታች ጥቁር ውሃ። ኦቦ ደበላ ከፊት ከፊት እየሄዱ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። ዘንድሮ ነጩ እንዲህ፣ ሰርገኛው እንዲያ፣ የአምቦ ነጋዴ እንዲህ አደረገኝ፤ ትንፋሽ አይወስዱም። እኔ፣ የዚህ ሰውዬ ልብ ከድንጋይ ነው የተሠራው እላለሁ። ጥርሴ እርስ በርሱ መጋጨት ሲጀምር እንዳይሰሙብኝ አፌን አሞጥሙጬ ማፏጨት ያዝኩ። ዜማው ምን እንደነበር አትጠይቁኝ።

ቆም ብለው፣ ከደከመህ እንመለስ ልጄ፣ አሉኝ አንዴ። ያቺን ቃል ስንት ሰዓት ስመኛት ነበር! አፌ ግን ምን አለ መሰላችሁ? ኧረ ምንም አልል፣ እርስዎ ከፈለጉ ግን እንመለስ። እሳቸውም፣ እኔማ ለአንተ ብዬ ነው አሉ። ሁለታችንም አመሰገንንና ወደ ፊት ሄድን።

ከዚያ ጉሙ መጣ። የደንዲን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሳይነግር ይመጣል፣ ብርዱን ይዞ ይመጣል። ሐይቁ ጠፋ፤ ገደሉ ግን እንዳለ አውቃለሁ፤ የማያዩት ገደል ደግሞ ከሚያዩት ይብሳል። ጥቂት እንደሄድን ኦቦ ደበላ ዝም አሉ። የጤፍ ዋጋ ሲቆም ምን መጣ ብዬ ቀና አልኩ። መንገዱ የለም። ዝናብ ንዶት አንድ እርምጃ የሚያህል ክፍተት ተፈጥሯል፤ ከማዶ ይቀጥላል። አንድ ጠጠር በእግሬ ተገፍቶ ወረደ። ጆሮዬን ጣልኩ። ሲያርፍ አልሰማሁትም።

እናንተ፣ ፈራሁ። እናቴ ታየችኝ። ሌንሴ ጥቁር ለብሳ፣ የማንን ሐዘን እንደምታስቀድም ግራ ገብቷት ታየችኝ። ኦቦ ደበላ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው እንዲህ አሉ፦

«ቅደም።»

«ኧረ አይገባም፤ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ግዴለህም፣ አንተ ቅደም።»

«ታላቅ እያለ? ነውር ነው።»

ሰርግ ቤት በር ላይ እንኳ እንዲህ አልተገባበዝኩም። በመጨረሻ «በሞቴ» አሉኝ። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ «በሞቴ» የሚል ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ቁጭ ብዬ በመቀመጫዬ ልሻገር አስቤ ጎንበስ ስል ጭቃው አዳለጠኝ። እግሬ ወደ ፊት ተፈናጠረ፣ እኔም ተከተልኩት፤ ዓይኔን ስገልጥ ማዶ ነኝ። ያዙኝ ለማለት እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። ኦቦ ደበላ ጨበጡት፣ ጎተትኳቸው ወይም ጎተቱኝ፣ ብቻ ተሻገሩ። ወዳጃቸው ቤት ደርሰን እንዴት ነበር ስንባል፣ ግሩም ነው አልን በአንድ አፍ።

ሽማግሌዎቼ ለመልስ በሄዱበት ቀን ሌንሴ እኔ ዘንድ ተቀምጣ አብረን ጠበቅን። ጋሽ ታደሰ ፊታቸው ወድቆ መጡ። አልሰጡህም አሉ። ደመወዜ ይሆን? አይደለም። አገሬ ይሆን? እሱንም አላነሱት። ኦቦ ደበላ ያሉትን ቃል በቃል ነገሩኝ፦

«እንደዚያ ቀን በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። እሱ ይወዳል ብዬ ገባሁበት። እኔ ፍርሃቴን ለመርሳት ስቀባጥር እሱ ያፏጫል። ገደሉን እንደ ፍየል ዘለለው፤ አልበቃው ብሎ እጁን ዘርግቶ ጎተተኝ። የልጅቱ አባትም ደፋር ነበር፤ ክረምት የሞላ ወንዝ ሲሻገር ነው የቀረው። እሱን ቀብሬአለሁ። ባሏን ደግሞ አልቀብርላትም።»

ሌንሴ ስለ አባቷ ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ይሉኝታዬ ተሸነፈ፤ ስለ አምፖሉም፣ ስለ ፎቁም፣ ስለ ፉጨቱም አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ሌንሴ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ደፋር ሰው ፈልጌ አላውቅም፣ ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ አለች።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ፤ እኔንም አስከትለው። ሽማግሌ የተላከበትን ልጅ «ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው» ብሎ ያመሰግናል። ጋሽ ታደሰ ግን ተነስተው ልጃችን ፈሪ ነው አሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ፈሪ ነው፤ በአካባቢው የሚስተካከለው የለም። ሌሎቹ «እውነት ነው» እያሉ አጸኑ። በኩራት አንገቴን ደፋሁ።

ኦቦ ደበላ አላመኑም። ሽማግሌ ለማስማማት የማይለው የለም፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ማን ያስተወኛል አሉ። ነገሩ ተወሳሰበ። ጋሽ ታደሰ ያን የማሳመን ስጦታቸውን አወጡ። እንግዲያው ሁላችንም በዓይናችን እንየው፤ የፊታችን እሑድ ደንዲ እንውጣና አብረን እንዙር፤ ልጁ ከፈራ ልጅቱ የእሱ ትሁን አሉ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩና፣ ኦቦ ደበላ ደስ ካላቸው እኛ ምን ገዶን አሉ። ኦቦ ደበላ የግንባራቸውን ላብ ጠረጉና በኦሮምኛ «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አንተስ አሉኝ።

«ደስ ይለኛል» አልኩ።