አባቴን የጠየቀኝ ደራሲ

በየጓደኛሞቹ መሃል ነገር ሁሉ የሚደርስበት አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ላይ ሲያካፋ እሱ ላይ ጎርፍ ይመጣል። እኛን ጉንፋን ሲይዘን እሱ ሆስፒታል ይተኛል። ይህ ሰው ነጋዴ ወይም ሹፌር ከሆነ መከራውን ችሎ ይኖራል። ደራሲ ከሆነ ግን እግዜር ጓደኞቹን ይርዳ።

የእኛው ደራሲ ሆነ። «ክቡርነታቸው» እንለዋለን። አብረን ያደግን፣ ዩኒቨርሲቲም ተደራራቢ አልጋ የተጋራን ነን፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ደረጃችን እስካሁን አልተለወጠም።

በልጅነቱ የእንጀራ እናቱ ከቤት ታባርረው ነበር፤ ከዚያ የመጀመሪያው ልቦለድ ተወለደ። ከደረጃ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ሁለተኛው መጣ። ከደረጃው ሥር ተዘርሮ አምቡላንስ ስንጠብቅ ያለኝ «ይኼማ አይባክንም» ነበር። ሚስቱ ጥላው ስትሄድ ልናጽናናው ተሰብስበን ሄድን፤ ምዕራፍ አነበበልን። መጽሐፉ ሲወጣ የቀድሞ ሚስቱ ደወለችልኝ። ትሳደባለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እንዴት አድርጎ አሳምሮኛል ባክህ!» አለች። «ቤት ውስጥ እንዲህ አይቶኝ ቢሆን ምን አስወጣኝ?»

እኔም እጽፋለሁ። ሁለት መጽሐፍ አሳትሜያለሁ፤ አልጋ ቤት «ንጹሕ ነው» እንደሚባለው፣ የእኔም «ቋንቋው ንጹሕ ነው» ተብሎልኛል። ምን ላድርግ? እናትና አባቴ ይዋደዱ ነበር። የደረሰብኝ ትልቁ መከራ ኩፍኝ ነው፤ እሱም ወደ ክቡርነታቸው ተጋብቶ እሳቸው ላይ ባሰ። አንዳንዴ የእሱን መጽሐፍ እያነበብኩ ባለቤቴን ቀና ብዬ አያትና፣ ምነው ትንሽ እንኳ ብትበድለኝ እላለሁ።

ያለኝ ሀብት አባቴ ብቻ ነው። ታፔላ ጻፊ ነበር። ስለ እሱ ልቦለድ ለመጻፍ ስሞክር ዕድሜዬ ሄደ። ሁልጊዜ መሰላሉ ላይ አወጣውና እዚያው ይቀርብኛል፤ ጥሩ ሰው ስለነበር ምን ሊያደርግ እንደሚወርድ ይጠፋኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ክቡርነታቸው ቤቴ መጡ። ወንበር ላይ ዘፍ አሉና፣ «አለቀልኝ» አሉ።

ደነገጥኩ። «ሐኪሞቹ ምን አሉህ?»

«የምን ሐኪም? የምጽፈው ሕይወት አለቀብኝ ነው የምልህ። አባትህን ስጠኝ።»

«ምን?»

«አንተ እንደሆንክ አትጽፋቸውም።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት፣ «እንኳን አባቱን እስክሪብቶውን አያውስህም!» አለችው።

እሱ ግን እንዴት እንደሚጽፋቸው መተረክ ጀመረ። «ሥራቸውን ጨርሰው ከመሰላሉ ሲወርዱ ያፏጩ ነበር...»

«አባቴ አፏጭቶ አያውቅም!» ብዬ ጮህኩ። «ወርዶ መንገዱን ይሻገርና አላፊ አግዳሚውን ‹ይነበባል?› እያለ ይጠይቃል። ፊደል ያልቆጠረውን ሳይቀር። ‹ያምራል› ካሉት ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ይውላል።»

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«የመጀመሪያው መጽሐፌ ላይ» አለ፣ «ልጁ ሲባረር መንገድ ላይ ነው የሚያድረው።»

«ማን ይረሳዋል?» አገር ያለቀሰበት ገጽ ነው።

«ውሸት ነው። አባትህ ሱቅ ነበር የማድረው። በሩን ይከፍቱልኛል፤ የታፔላ ሸራ አጣጥፈው ያነጥፉልኛል። ‹ለልጄ እንዳትነግረው፣ ያሾፍብሃል› ይሉኝ ነበር። ስጽፈው ብቸኝነቱ አማረልኝና በሩን የከፈቱልኝን ሰው ሰረዝኳቸው። አሁን ልመልሳቸው ነው የምለምንህ።»

ቅናትን ከዚያ በፊት አውቀው ነበር ብል ውሸቴን ነው። በመከራው፣ በአንባቢው፣ ሚስቱ በሄደችበት ቀን ሳይቀር ስቀና ኖሬ፣ ለካ አባቴንም ተካፍሎኛል። ያውም እኔ የማላውቀውን አባቴን። ከቤቴ ላስወጣው አሰኘኝ። ግን ያንን በር እኔ ልጽፈው አልችልም፤ አልነበርኩማ። ደግሞስ ያንን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ለልጁ ይበርደኝ ነበር። ሸራ እንደነበረው ስሰማ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እፎይ አልኩ።

«ውሰደው» አልኩት። «ግን የታፔላ ጻፊው ልጅ መልከ መልካም ይሁን።»

ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

«ልቦለድ አይደል?» አለ። «ይሞከራል።»