የጋሽ ይማም መታጠቢያ ቤት ፈቃድ

አንባቢ ሆይ፣ ማኅተም ሲያይ ልቡ የሚዘል ሰው ገጥሞህ ያውቃል? የደሴው ጎረቤቴ ጋሽ ይማም እንዲያ ነበሩ። በዚያ በደርግ ዘመን ያለ ቀበሌው ፈቃድ አንዲት ሚስማር አይመቱም፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ መጀመሪያ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ዞር ብለው የሚያዩ ይመስለኝ ነበር።

የልጃቸው ሠርግ እሑድ ነው፤ ሙሽራው ከኮምቦልቻ ይመጣል። የመታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ግን ፈርሷል! ባለቤታቸው «እንግዳ በፈረሰ ግድግዳ አላስታጥብም! ሳይታደስ ሠርግ የለም!» አሉ። ጋሽ ይማም ማመልከቻቸውን ይዘው ሮጡ፤ እኔም ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ተከተልኳቸው።

የቀበሌው ሊቀመንበር መነጽሩን አውልቆ «ጓድ ይማም፣ መታጠቢያ ቤቱ ለግል ምቾት ነው ወይስ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም?» አለ።

ጋሽ ይማምን ላብ አጠመቃቸው። እኔም ሸይጣን ገፋፍቶኝ በጆሯቸው «ለሰፊው ሕዝብ ይበሉ» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ለሰፊው ሕዝብ ነው!»

ማኅተሙ ሲያርፍ ድምፁ ሐይቅ ከተማ ድረስ ተሰማ! «ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም» የሚለው ፈቃድ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በሦስት ቀን ግድግዳው ቆመ፣ ኖራ ተቀባ፣ ቧንቧው ፏ አለ።

እሑድ ጧት ሰፊው ሕዝብ ሳሙናውን ይዞ መጣ። ሰልፉ ጦሳ ተራራን ሊወጣ ምንም አልቀረው!

«አብሽሩ ጋሽ ይማም፣ ያልቃል» አልኳቸው፤ ከፊታቸው ተሰልፌ ነበርና።

ይኸኔ ሙሽራው የመንገድ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ወደ በሩ ሲያመራ የቀበሌው ተራ አስከባሪ ክንዱን ዘረጋበት፦

«ጓድ ሙሽራ፣ ከኋላ ተሰለፍ!»