የቁፋሮው ማሽን የቆመ ሰሞን

ነዳጅ ከመሬት ይወጣል የሚል ሰው አክሲዮን ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ነዳጅ መጀመሪያ የሚወጣው ከሰው አፍ ነው። ከመሬት የሚወጣው ቆይቶ ነው፤ ያውም ከወጣ። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ሰቆጣ ከተማ ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ የምኖር፣ አበርገሌ ቆላ ውስጥ በሚቆፈረው የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ትንሽዬ አክሲዮን ያለችኝ፣ በእሷም ሰበብ ሰላሜን በገዛ ፈቃዴ የሸጥኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

አክሲዮን ሰውን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ምሁር ያደርጋል! ከመግዛቴ በፊት ስለ ነዳጅ የማውቀው ማደያ ላይ ያለውን ሰልፍ ብቻ ነበር። በገዛሁ በሳምንቱ ግን ስለ ድንጋይ ዓይነትና ስለ ቧንቧ ውፍረት ከሰው ጋር ድምፄን ከፍ አድርጌ እከራከር ጀመር። ባለቤቴ አንድ ቀን ሹሮውን እያቀረበች፣ ከመሬት በታች ያለውን እንዲህ አጥርተህ የምታይ ሰው ከራሱ በላይ ጣሪያው ላይ ያለውን ቀዳዳ እንዴት አጣኸው ብላኛለች። እኔ ግን ትልልቅ ሐሳብ ላይ ነበርኩ።

ብቻዬን አልነበርኩም። የምንሰበሰበው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት እትዬ ብርቄ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አልጋ ቤቱንም ምግብ ቤቱንም ብቻቸውን ያቆሙ፣ ሾፌር በሙሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። መሪጌታ ፈንታ ደግሞ የዜማ መምህር ናቸው። ኩባንያው በስልክ የሚልክልንን መግለጫ የሚፈቱልን እሳቸው ናቸው። «ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ከተባለ፣ ሰሙ ሥራው መሆኑን፣ ወርቁ ግን «ይገኛል» የምትለዋ ቃል ውስጥ መቀበሩን እስኪያልበን ያስረዱናል። ነዳጁ ይገኛል ማለት ነዋ! እኛም ዕልል ማለት ነው የሚቀረን።

አራተኛው አያ ኪሮስ ነው። ፍየል ነጋዴ ነው፤ ከአበርገሌ ፍየል እየነዳ ለገበያ ይመጣል፤ ሲመጣም ሲሄድም በቁፋሮው አጥር ሥር ያልፋል። ስለዚህ ዜና ያለው እሱ ዘንድ ነው። ምስጢር የሆነውን ለእትዬ ብርቄ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ያንሾካሹክላቸዋል። ቤቱ ውስጥ ኽምጣንጋ የማይሰማ ሰው ስለሌለ፣ ምስጢሩ ሻይ እስኪፈላ ከመናኸሪያው ማዶ ይደርሳል።

አንድ ጊዜ ቦቴ መኪና ወደ ቁፋሮው ሲገባ አየሁ ብሎ መጣ። እናንተዬ፣ የዚያን ቀን ክርክር! ቦቴው የገባው ሞልቶ ነው ባዶውን? ሞልቶ ከገባ ለጄኔሬተር ናፍጣ ይዞ ነው፤ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ባዶውን ከገባ ግን ሊቀዳ ነው! አያ ኪሮስ በጭንቀት ተወጥሮ ጎማው በጭነት ተጨፍልቆ እንደነበር ለማስታወስ ዓይኑን ጨፈነ። በመጨረሻ «ጎማውስ ቀለል ያለው ይመስላል» አለ። መሪጌታ ተነሥተው ጨበጡት። እኔ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ።

ግን ነገሩን ሁሉ ያናወጠው ኋላ ያመጣው ወሬ ነው። የማሽኑ ሰዎች፣ ያውም የፈረቃው ኃላፊ ራሱ፣ አክሲዮን እየገዙ ነው አለን። ይህ ጎማ አይደለም፤ ይህ ማስረጃ ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ውስጡን የሚያይ ሰው ገንዘቡን ካወጣ፣ እኛ ምን እንጠብቃለን? እትዬ ብርቄ የያዙትን ማማሰያ አስቀመጡና ቤቱን ልሸጠው ነው አሉ። አልጋ ቤቱን ከነምግብ ቤቱ! ገዢውም አልጠፋም። ማር ነጋዴው አቶ ሙሉ ቤቱን ከድሮም ሲመኘው የኖረ ሰው ነው፤ በሳምንት ውስጥ ቀብድ ይዤ እመጣለሁ አለ። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። እኔ በደስታና በፍርሃት መሀል ሆኜ ያለችኝን ብር ደጋግሜ ስቆጥር ሰነበትኩ። ደግሞም ቀናሁ፤ እኔ የምሸጠው ፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀት የሚበላ ነው።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ቀን አያ ኪሮስ ፍየሎቹን መንገድ ላይ ትቶ እየሮጠ መጣ። «ቆመ!» አለ። ማን ቆመ? «ማሽኑ! ድምፁ የለም። ጸጥ ብሏል።»

ማሽን የሚቆመው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ አግኝቶ፣ ወይ አጥቶ። የትኛው ነው? መሪጌታ እንኳ ጸጥታን መፍታት አቃታቸው። እትዬ ብርቄ ግን ነጠላቸውን አጣፉና፣ በቤቴ ላይ የምፈርድ እኔ ነኝ፤ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ አሉ። ሄደን ነው እንጂ ሄጄ አይባልም ብለን ሁላችንም ተነሣን።

ቁልቁል በአይሱዙ ወረድን። ደጋው ቀርቶ ቆላው ሲጀምር መሪጌታ ካባቸውን አወለቁ፤ ጥምጥማቸውን ግን ለኩባንያው ክብር ሲሉ አላወለቁም። የመንገዱን ነገር አላወራም፤ ጥርሴ እንዳለ መድረሱን ብቻ እመሰክራለሁ። የቁፋሮው ማማ ከሩቅ ሲታየን ግን ሁላችንም በአንድ ላይ ጮኽን። ለካስ እንዲህ ይረዝማል! ያቺ የኔ ትንሽዬ አክሲዮን ከዚህ ሁሉ ብረት አንዷን ብሎን ብታህል እንኳ፣ የትኛዋ ትሆን ብዬ በዓይኔ ፈለግኋት።

በሩ ላይ ጥበቃው ምን ፈልጋችሁ ነው አለን። ባለንብረቶች ነን አሉት መሪጌታ። ጥበቃው ከአይሱዙ ላይ በአቧራ ነጭተን መውረዳችንን አየና በሩን ጠበቅ አደረገ። ከሰቆጣ መምጣታችንን ሲሰማ ግን ወደ ውስጥ ሮጠ። ወዲያው አንድ የብረት ቆብ የደፋ ጎልማሳ ሊወድቅ እስኪደርስ እየተጣደፈ ወጣ፤ እጃችንን አንድ በአንድ ጨበጠ፤ ጥላ ሥር አስቀመጠን፤ ውኃ አስመጣልን። የፈረቃው ኃላፊ ነኝ አለ። ልቤ ዘለለች! ያ አክሲዮን የገዛው ሰው ይህ ነው ማለት ነው።

እትዬ ብርቄ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ግን ሰውየው ወንበሩን ወደ እኛ ሳበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግዜር ነው ያመጣችሁ» አለ። «እስቲ ንገሩኝ፤ ምን ሰማችሁ?»

ተያየን። እኛ ነን ልንሰማ የመጣነው አልነው። ማሽኑስ ለምን ቆመ? እሱማ አንድ ዕቃ ተሰብሮ ምትኩ እስኪመጣ ነው አለ፤ ከታች ምን እንዳለ ገና አይታወቅም፤ የምንፈልገው ጥልቀት ላይ መች ደረስን አለን። ታዲያ አንተ ምን አይተህ ገዛህ አሉት መሪጌታ በቁጣ።

«እኔማ ምን አያለሁ፣ መሪጌታ?» አለ ሰውየው። «መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ ትንሽ ነው የገዛሁት። በቀደም ግን ሰቆጣ ያሉ አንዲት ባለ አልጋ ቤት ቤታቸውን ሸጠው ሊገቡበት ነው ሲባል ሰማሁ። ሴትዮዋ የሰሙት ነገር ባይኖርማ ቤታቸውን አይሸጡም ብዬ፣ ለልጆቼ ትምህርት ያስቀመጥኩትን ጨምሬበታለሁ።»

እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ተነሡ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉት። «እኔ ቤቴን የምሸጠው አንተ ገዛህ ብለውኝ ነው!»

አያ ኪሮስ፣ ሁለቱንም ወሬ ተሸክሞ የተመላለሰው አያ ኪሮስ፣ ጫማውን ይመለከት ጀመር። የፈረቃው ኃላፊ ቆቡን አወለቀና ግንባሩን ያዘ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ብርቄ ናቸው። እስኪያነቡ ሳቁ፤ ሰውየውም ተከተላቸው፤ ከዚያ እኛም፣ ከዚያ ምኑም ያልገባው ጥበቃ። እንደዚያ አድርጌ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም። ስንለያይ እትዬ ብርቄ ሰውየውን፣ የልጆችህን ትምህርት በዚህ ጉድጓድ አትክተት፣ የተረፈህን ብቻ አሉት። ለራሳቸውም የነገሩት ይመስለኛል፤ በመንገድ ሁሉ ቤቴ፣ ቤቴ እያሉ ሲያጉረመርሙ መጡ።

ሰቆጣ ስንገባ መናኸሪያው በሰው ተሞልቶ ጠበቀን። ምን አያችሁ? ምን አላችሁ? እኛ ያየነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ተናገርን፤ ዕቃ ተሰብሯል፤ ነዳጁ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ሰዉ እርስ በርሱ ተጠቃቀሰ። አንዱ፣ እንዲህ ተስማምተው የሚናገሩት መንገድ ላይ ቢማከሩ ነው ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

በማግስቱ ማር ነጋዴው አቶ ሙሉ ቀብዱን ይዞ መጣ። መሪጌታና እኔ ቁርስ ላይ ነበርን። እትዬ ብርቄ በትሕትና፣ ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ ቤቱን መሸጡን ትቼዋለሁ አሉት። አቶ ሙሉ በልቡ ያሰላ ጀመር። አያችሁ አይደል? ሴትዮዋ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ፤ ተመለሱ፤ ቤቱን አልሸጥም አሉ። ምን ማለት ነው ታዲያ? ነዳጁ ተገኝቶ የሰቆጣ ቤት ዋጋ ሊሰቀል ነው ማለት ነዋ!

በዋጋው ላይ ጨመረ። እትዬ ብርቄ፣ ወንድሜ ምንም የተገኘ ነገር የለም እኮ፣ በልጆቼ እምልልሃለሁ አሉት። ሲምሉ ጊዜ ዋጋውን እጥፍ አደረገው። እትዬ ብርቄ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ወደ ማድ ቤት ገቡ። እሱም የማድ ቤቱን በር ይዞ፣ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ከሆነ ቁርጡን ይንገሩኝ እያለ ይለምናቸው ጀመር።

መሪጌታ ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆዩ። ከእኔ ጋር ቁልቁል የወረዱት መሪጌታ፣ የሰውየውን ቃል በጆሯቸው የሰሙት መሪጌታ፣ የጎረሱትን ዋጡና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ይህ ማር ነጋዴ አንድ የሰማው ነገር አለ። እስቲ ሂድና አክሲዮን የሚሸጥ ሰው እንዳለ አጣራልኝ፤ ለራስህም እንዳትረሳ።»

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።