የአስካለማርያም ባለቁልፍ ሽንት ቤት

ዕቃ ሁሉ ለእንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ብርጭቆው ቡፌ ውስጥ ያረጃል፣ ባለቤቶቹ በጣሳ ይጠጣሉ። የኛን ሰፈር የሚያህል ግን አይገኝም፤ ክብርት ወይዘሮ አስካለማርያም ለእንግዳ ያስቀመጠችው ሽንት ቤት ነው። በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ባሏ ነኛ!

ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ በታች የምንኖር ሰዎች፣ ይቅርታችሁን ልጠይቅና፣ ሜዳ የምንወጣው ሐዲዱ ዳር ነበር። ጎረቤታችን ዳሲቱ ባለፈው ክረምት ልጇን በተቅማጥ ከቀበረች በኋላ ሰፈሩን ሰብስባ፣ "ከእንግዲህ ሜዳ መውጣት ይብቃን!" አለች። ተራ ገብተን የየቤቱን የሽንት ቤት ጉድጓድ በደቦ ቆፈርን። እኔም ሁለት ቀን ዶማ ይዣለሁ፤ ቆፍሬበታለሁ አላልኩም።

የኛው ሲያልቅ አስካለ በኖራ ቀባችው፣ ጥልፍ መጋረጃ ሰቀለችለት፣ በሩን ደግሞ በጓጉንቸር ቆለፈችው።

"አስክዬ፣ ኧረ ቸኩያለሁ!"

"ሂድ ወዲያ! በዚህ ጭቃ እግርህ? ለእንግዳ ነው።"

ባቡር መሥሪያ ቤት አሥራ ሁለት ሠራተኛ የማዘው ሰውዬ የሚስቴን ትእዛዝ ተቀብዬ ወደ ሐዲዱ ሮጥኩ። ከነኮቴ ቁጥቋጦ ሥር ቁጢጥ ስል የሞጆው ባቡር ከተፍ! ተሳፋሪው እጁን ያወዛውዝልኛል። ጨዋ ነኝና አጸፋውን መለስኩ።

አንድ ጠዋት ልጃችን ፀሐይቱ ያስመልሳት፣ ያስቀምጣት ጀመር። እኩለ ቀን ላይ ዓይኗ ጎደጎደ። ዳሲቱ ሮጣ መጥታ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ እያጠጣቻት፣

"አስካለ፣ አባቷ ሜዳ ላይ የተወው ላይ ያረፈው ዝንብ ነው እሷ ሳህን ላይ የሚያርፈው። የኔዋንም እንዲህ ነው የጀመራት" አለች።

እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ልጅቷን አቅፈን ክሊኒክ በረርን።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይቱ ተርፋ ቤቷ ስትገባ አስካለ ቁልፍ ፍለጋ አልሄደችም። መጥረቢያ አነሳችና በሩን ከነጓጉንቸሩ፣ ከነመጋረጃው ገነጠለችው። "ሳህሌ፣ ሁለተኛ ሐዲድ ዳር ባይህ!" አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ።

እንግዲህ በር የለንም። እኔ ስገባ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። "ፍጠን እንጂ፣ ወጥ ጥጃለሁ!" እያለች ትነጫነጫለች፤ ሰፈሩም ይስቅብናል። አዲስ በር እንዲሠራልን እንድጠራው ያዘዘችኝ አናጺው በዛብህ ምነው ቀረ ብላ ሦስቴ ጠይቃኛለች። ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ። ለናንተ እውነቱን ልናገርና፣ ገና አልነገርኩትም።